ትሬንታ ኳትሮ እና «ሠራልን» የምንለው መንገድ

«ጣልያን ክፉ ነበር፤ መንገዱን ግን ሠርቶልናል።» ይህን አባባል ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ሰው ይኖራል ብሎ መገመት ያዳግታል። በቡና ቤት ይነገራል፤ አውቶቡስ ጣርማ በርን ወጥቶ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ይነገራል፤ የአንድ አሮጌ ድልድይ የድንጋይ አያያዝ በተደነቀ ቁጥርም ይነገራል። አንዳንዱ ደፈር ይልና «ምነው ጥቂት ዓመት በቆየልን ኖሮ» ብሎ ይጨምርበታል። አጠገቡ ያለው ደግሞ ደሙ ይፈላና የየካቲት 12ን ሰማዕታት፣ የመርዝ ጋዙን፣ የተቃጠሉትን መንደሮች ይቆጥራል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ የሚል ሦስተኛ ሽማግሌ መሀል ይገባል። ከዚያ ሒሳብ ተከፍሎ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ክርክሩ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን በጓሮ በር ገብተን ልናየው ነው። ስለ መንገዱ የሚመሰክርልንን ከመንገዱ ላይ እንፈልግ። ምስክራችን አንድ የጭነት መኪና ነው፤ አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ያሉት። ክብደቱ፣ ጉልበቱ፣ ፍጥነቱ፣ የሚጠጣው ናፍጣ ሁሉ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ቁጥር ደግሞ ወገን የለውም። እነዚህን ቁጥሮች አንድ በአንድ አንስተን ከአገራችን ዳገትና ጭቃ ጋር ብናገናኛቸው መንገዱ ለማን እንደተሠራ እነሱው ይነግሩናል።

ስድስት መቶው የጠፋበት ስም

በቱሪን ከተማ የሚገኘው የፊያት ኩባንያ ይህን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1931 ሚላኖ ላይ በተደረገ ትርዒት ነው። የሞዴሉ ቁጥር 634 ነበር። ኢጣሊያኖች ሲያነቡት «ሴይቼንቶ ትሬንታ ኳትሮ» ይላሉ፤ ስድስት መቶ ሠላሳ አራት ማለት ነው። የእኛ ሰው ስም ማሳጠር ይወዳልና ስድስት መቶውን ጥሎ ሠላሳ አራቱን ብቻ ያዘ። እዚያው በአገሩ ግን ሌላ የቁልምጫ ስም ነበረው፤ «ኤሌፋንቴ» ይሉታል፣ ዝሆን።

ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤን» የምትል አንዲት የላቲን ፊደል አለች። ይህች ፊደል «ናፍታ» የሚለው ቃል መነሻ ናት፤ እኛ ናፍጣ የምንለው ነው። ፊደሏ የተለጠፈችው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የጭነት መኪና የሚሄደው በቤንዚን ስለነበር በናፍጣ የሚሠራ መኪና መሆኑን ለገዢው ማሳወቅ ያስፈልግ ነበር። ትሬንታ ኳትሮ በኢጣሊያ በብዛት ከተመረቱት ከባድ መኪኖች መካከል በናፍጣ በመሥራት የመጀመሪያው ነው።

ይህችው ፊደል ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ መኪና ስም ላይ ተመልሳ መጥታለች። ከጦርነቱ በኋላ ፊያት ያወጣውና በአገራችን አውራ ጎዳናዎች ላይ ለብዙ ዘመን የነገሠው 682 «ኤንትሬ» ይባላል። «ኤን» ያችው ናፍታ ናት፤ «ትሬ» ደግሞ ሦስት ነው፣ የሞዴሉ ሦስተኛ ዓይነት ለማለት። እንግዲህ «ኤንትሬው ጭኖ ወጣ» ስንል «ናፍጣ ሦስት ጭኖ ወጣ» ማለታችን ነበር። ስሙን ተቀብለን ፍቺውን ሳንጠይቅ ይኸው ስንት ዘመን አለፈ።

የዝሆኑ ልክ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የመጀመሪያው ትሬንታ ኳትሮ ሞተር ስድስት ሲሊንደር አለው፤ የሲሊንደሮቹ ጠቅላላ ይዘት 8.3 ሊትር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,700 ጊዜ ሲዞር 75 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በኋላ የወጡት ዓይነቶች ወደ 80 ከፍ ብለዋል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ እሳት አይለኮስም። ፒስቶኑ አየሩን አፍኖ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ ያለ እሳት ይቀጣጠላል። ይህን ጭመቃ ለመቋቋም ሞተሩ በወፍራም ብረት መሠራት ነበረበት። ክብደቱ ከዚያ ይመጣል፤ ዕድሜውም ከዚያው ይመጣል።

ባዶውን 6,360 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የኢጣሊያ ሕግ ከነጭነቱ እንዲመዝን የፈቀደለት 12,500 ኪሎ ስለነበር የሚጭነው 6,140 ኪሎ ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር 61 ኩንታል። ሕጉን ካልፈራ ግን እስከ 76 ኩንታል የመሸከም አቅም ነበረው። ርዝመቱ ከ7 ሜትር ይበልጣል። የናፍጣ መያዣው 150 ሊትር ይይዛል፤ ይህም በደህና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬደዋል። ፍጥነቱስ? በሜዳ ላይ፣ በጥሩ አስፋልት፣ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር። ከዚያ በላይ የለም።

መሪው በቀኝ በኩል ነው። ይህ ከእንግሊዝ የተቀዳ ልማድ አይደለም፤ ኢጣሊያኖች በመንገዳቸው ላይ የሚነዱት በቀኝ ነው። የአገራቸው ሰሜን ተራራማ ስለሆነ የከባድ መኪና ሾፌር ከፊቱ ከሚመጣው መኪና ይልቅ የሚያስፈራው ጎኑ ያለው ገደል ነበር። ሾፌሩ በቀኝ ሲቀመጥ ጎማው ከገደሉ ጫፍ ስንት ጣት እንደቀረው አንገቱን አውጥቶ ያያል። ይህ ብልሃት በኋላ በሊማሊሞና በአላጌ ጠመዝማዛ ላይ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ገደል ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ዓይነት ደግሞ በጋቢናው ውስጥ መኝታ ነበረው፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ጋደም የሚልበት።

የመጨረሻውና ለጉዳያችን ዋናው ነገር፣ ሞተሩ የሚያዞረው የኋላውን እግር ብቻ ነው። የፊት እግሮቹ መሪውን ተከትለው ከመዞር በቀር አይጎትቱም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

ትሬንታ ኳትሮ ብቻውን አልመጣም። ከጎኑ ላንቺያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው «ሮ» የተባለ መኪና ነበር። የእሱ ሞተር ለተመልካች ግራ የሚያጋባ ነው። ከጀርመኑ ዩንከርስ በተገኘ ፈቃድ የተሠራ ሲሆን ሁለት ሲሊንደር ብቻ አለው፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ግን ሁለት ፒስቶኖች ፊት ለፊት እየተገናኙ አየሩን መሀል ላይ ይጨምቁታል። በ3.2 ሊትር ሞተር 64 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። በዚህ ላይ ልዩ ልዩ ቀላል መኪኖችና ከአሜሪካ የተገዙ ፎርዶች ተጨመሩ። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ መካኒክ ሌላውን አያውቅም። ይህ ዝብርቅርቅ ያስቸገረው የሮማ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ደንብ አወጣ። ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ከባድ መኪና ሁሉ ከነጭነቱ ከ12 ቶን እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ 6 ቶን እንዲጭን፣ ፍጥነቱም ከ45 ኪሎ ሜትር እንዳያንስ አዘዘ። ደንቡ የወጣው ግን ኢትዮጵያ ከተወረረች በኋላ ነው።

ስድሳ አንድ በቅሎ

61 ኩንታል ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በዘመኑ ከነበረው ማጓጓዣ ጋር ማስተያየት ይገባል። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ትችላለች እንበል። ለጋስ ግምት ነው። እንግዲህ አንድ ትሬንታ ኳትሮ የ61 በቅሎ ጭነት ይዞ ይነሳል ማለት ነው። 61 በቅሎ ደግሞ ነጂ ይፈልጋል፤ ጫኝና አራጋፊ፣ ሣር፣ ውኃ፣ ለሊት የሚጠብቃት ሰው ይፈልጋል። የጫነች በቅሎ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ከደሴ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር በ16 ቀን ትጨርሳለች። መኪናው ዳገቱንና እረፍቱን አስበን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንኳ በሦስተኛው ቀን ይገባል።

ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆመ ሰው መኪናው በቅሎዋን አሸነፋት ይላል። ነገር ግን በቅሎዋ የማትጠይቀውን አንድ ነገር መኪናው ይጠይቃል። በቅሎ መንገድ አትፈልግም። ሰው የረገጠው ቀጭን ዱካ ይበቃታል፤ ወንዙን በመልካው ትሻገራለች፤ ገደሉን ዞራ ትወጣለች። የሲራራ ነጋዴ መላ አገሪቱን ሲያዳርስ የኖረው ማንም ድልድይ ሳይሠራለት ነው። 12 ቶን ተኩል የሚመዝን፣ በኋላ እግሩ ብቻ የሚገፋ መኪና ግን ከተደለደለ መሬት ወጣ ባለ ሰዓት ብረት ነው።

የጣርማ በር ጭቃ

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ በ1928 ዓ.ም. የታየ ነው። የፋሺስት ጦር መስከረም 22 ቀን መረብን ተሻግሮ ከገባ በኋላ የጦሩ ሩጫ የሚለካው በወታደሩ እግር ሳይሆን ከኋላው በሚሠራው መንገድ ነበር። የጦሩ አዛዦች ትንሽ ይገፉና ቆመው መንገድ ያሠራሉ፤ መንገዱ ሲደርስላቸው ደግሞ ይገፋሉ። ከመንገዱ ርቆ የተገኘ ተሽከርካሪ ምን እንደሚገጥመው ታኅሣሥ 5 ቀን በደምበጊና ታይቷል። የራስ እምሩ ሠራዊት ትናንሽ ታንኮችንና ወታደር የጫኑ ካሚዮኖችን በጠባብ መተላለፊያ ላይ አግኝቶ መውጫ አሳጣቸው፤ መኪኖቹም ተቃጠሉ።

ከማይጨው ጦርነት በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ለመግባት ያሰናዳው የመኪና ሰልፍ ከ1,600 በላይ ተሽከርካሪ ነበረው። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ የመኪና ብዛት በአንድ መንገድ ላይ ታይቶ አያውቅም። የሮማ ጋዜጦች ጉዞውን «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ጠሩት። ፈቃዱ ብረት ይሁን እንጂ መንገዱ አፈር ነበር። የበልግ ዝናብ ወርዶ ነበርና ከባዶቹ መኪኖች ጣርማ በር ሲደርሱ ተያዙ። በዳገቱ ላይ ኢትዮጵያውያን የናዱት የመንገድ ክፍልም ነበር። በሺህ የሚቆጠር ወታደር ጠመንጃውን አስቀምጦ አካፋና ዶማ አነሳ፤ መኪኖቹም በገመድና በትከሻ እየተገፉ ወጡ። ዝሆኑን ሰው ተሸከመው ማለት ይቻላል።

ዳገቱን ሲጨርሱም ነገሩ አላበቃም። ሚያዝያ 26 ቀን፣ ባዶሊዮ አዲስ አበባ በሚገባበት ዋዜማ፣ በደብረ ብርሃን አጠገብ ጫጫ ላይ ኃይለ ማርያም ማሞና ጓደኞቹ በዚሁ መንገድ በሚያልፍ የጠላት ጦር ላይ አደጋ ጣሉ። ከተማዋ ሳትያዝ የአርበኝነቱ ዘመን ተጀመረ። የተጀመረውም መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው።

ሯጭ የሚቀድመው መኪና

አርበኞች መንገድ ዳርን የመረጡበት ምክንያት በመኪናው ቁጥር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። 75 የፈረስ ጉልበት ለ12 ቶን ተኩል ሲካፈል ለአንድ ቶን 6 ይደርሰዋል። ይህ በባሕር ዳርቻ፣ በምፅዋ ላይ ያለው ሒሳብ ነው። ሞተር ናፍጣ ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማ በር ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ የቀለለ ነው። ስለዚህ ከ75ቱ ፈረስ ወደ 20 የሚሆነው ተራራው ላይ ሲደርስ ይጠፋል፤ የቀሩት 55 ናቸው።

አሁን ስሌቱን እንጨርሰው። በ100 ሜትር 7 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ በ55 ፈረስ ጉልበት የሚሄድ መኪና ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተሳቢ ከጎተተ ከዚያም ያንሳል። ይህ ማንኛውም ጎልማሳ ሮጦ የሚቀድመው ፍጥነት ነው። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማው አጠገብ በእግሩ መከተሉም ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ መኪናውን የሚይዘው የእጁ እንጨት ነውና።

ቁልቁለቱም ከዳገቱ አይሻልም። ከአሥመራ ምፅዋ ያለው መንገድ በ115 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። 12 ቶን ተኩል የሚመዝን ነገር በፍሬን ብቻ ያን ያህል አይወርድም፤ ፍሬኑ ይግልና ይከዳል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሞተሩን ራሱን እንደ ልጓም ይዞ፣ በዝግታ፣ በድምፅ መውረድ አለበት። ሽቅብም ቁልቁልም ዝግ ያለ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ከመንገዱ ንቅንቅ የማይል ጠላት ለአድፋጭ የተመቸ ነው። ለዚህ ነበር የጠላት መኪኖች በሰልፍ ተያይዘው፣ በመትረየስ ታጅበው የሚሄዱት። ለዚህም ነበር በየአውራ መንገዱ ዳር፣ በየኮረብታው ላይ ምሽግ የተሠራው። ግዛቱ በካርታ ላይ ከቀይ ባሕር እስከ ኬንያ ወሰን ይደርሳል፤ በተግባር ግን በብዙ ቦታ የግዛቱ ስፋት የጎማው ስፋት ነበር።

መንገዱ

እንግዲህ መንገዱ እዚህ ላይ ይመጣል። አዲስ አበባን የያዘው መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡን ያፈሰሰው በመንገድ ላይ ነው። ከምፅዋ በአሥመራ፣ በመቀሌና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው፣ ከአሥመራ ወደ ጎንደር በሊማሊሞ የሚወጣው፣ ከአሰብ ወደ ደሴ የሚመጣው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማና ወደ ነቀምት የሚዘልቀው ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጀመረ፤ የሚበዛውም ተሠራ። በጣርማ በር ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ተፈለፈለ። መንገዱን የቆፈሩት ከኢጣሊያ የመጡ ሠራተኞች፣ የአገሩ ሰውና ከየመንና ከሱዳን የተቀጠሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። የሥራው ጥራት የሚካድ አይደለም።

ጥያቄው መንገዱ የማንን ልክ ይዞ ተሠራ የሚለው ነው። የድልድዩ ጥንካሬ የተሰላው ከ12 ቶን በላይ ለሚመዝን መኪና ነው። የዳገቱ ልክ የተወሰነው 55 ፈረስ ሊወጣው በሚችለው ነው። ጠመዝማዛው የሰፋው ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም መኪና እንዲዞርበት ነው። ድንጋይ የተነጠፈው፣ አስፋልት የፈሰሰው በኋላ እግሩ ብቻ የሚገፋው መኪና በክረምት እንዳይሰምጥ ነው። የሚያልፍባቸው ቦታዎች የተመረጡትም ወደቡን ከጦር ሰፈሩ ለማገናኘት እንጂ ገበሬውን ከገበያው ለማገናኘት አልነበረም። መንገዱ የትሬንታ ኳትሮ ልብስ ነው፤ በልኩ ተሰፍቶለታል።

ናፍጣ ናፍጣን ሲበላ

ልብሱ ግን ውድ ነበር። ከምፅዋ አዲስ አበባ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በ150 ሊትር 400 ኪሎ ሜትር ከሄደ ለመምጫው 450 ሊትር፣ ለመመለሻው ሌላ 450 ሊትር ይፈልጋል። 900 ሊትር ናፍጣ ወደ 7 ኩንታል ተኩል ይመዝናል። ከ61 ኩንታል ጭነት ውስጥ ከስምንት አንድ እጁ ለራሱ ጉሮሮ የሚሆን ናፍጣ ነው ማለት ነው። ይህም በሜዳ ሒሳብ ነው፤ አላጌና ጣርማ በር ሲጨመሩ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። የምፅዋ ወደብ በጭነት ከመታነቁ የተነሳ ኢጣሊያኖች ከምፅዋ እስከ አሥመራ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የአየር ገመድ እስከ መዘርጋት ደርሰዋል። የጅቡቲው ባቡር ደግሞ የፈረንሳዮች ነበር።

ይህን ሁሉ ናፍጣና ቤንዚን ኢጣሊያ ከአፈሯ አታወጣም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል የተከለከሉት ዕቃዎች ዝርዝር ረጅም ነበር፤ ነዳጅ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ሙሶሊኒ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሂትለር መናገሩን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎታል። የኢትዮጵያ ዕጣ በጄኔቭ ሲወሰን ከተነገረው ንግግር ሁሉ ይልቅ የከበደው ያልተነገረው አንድ ቃል ነበር፤ ነዳጅ።

በመጨረሻም የሆነው ይኸው ነው። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የስዌዝ በር በእንግሊዝ ተዘጋባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው የኢጣሊያ ጦር የሚኖረው ባከማቸው ነዳጅና ጎማ ሆነ። ጎማ በተለይ አለቀ። ሞተሩ ደህና ሆኖ ጎማ በማጣት የቆመው መኪና ብዙ ነው። በደቡብ በኩል ከኬንያ የተነሳው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ በራሱ ካሚዮኖች እየተንደረደረ ጣልያን የሠራውን መንገድ ያዘ፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጃንሆይ በጎጃም በኩል ሲመጡ አብዛኛውን ስንቅና ጥይት ያመላለሱላቸው ግመሎች ነበሩ፤ በዳገቱና በብርዱ ብዛታቸው ያለቁ ምስኪን ግመሎች። አርበኞቹም እስከዚያ ድረስ አምስት ዓመት ሙሉ የተጓዙት በእግርና በበቅሎ ነው። መንገድ የማትፈልገው በቅሎ መንገድ ካልተሠራለት የማይሄደውን ዝሆን በዕድሜ በለጠችው።

ባለቤት የለወጠ መኪና

ድል ከሆነ በኋላ እንግሊዞች ከጣልያን የተማረከውን ማሽንና ተሽከርካሪ እየጫኑ ከአገር አወጡ። ይህም በጊዜው ከመንግሥታችን ጋር ብዙ አነታርኳል። የተረፈው ግን ቀላል አልነበረም። በየጫካው፣ በየጋራዡ፣ በየመንገዱ ዳር የቆሙ መኪኖች ቀሩ፤ አገር ውስጥ ለመቅረት የፈለጉ የኢጣሊያ መካኒኮችም ቀሩ። ከአንዱ ሞተሩ፣ ከሌላው ዲፈረንሲያሉ እየተፈታ አንድ መኪና ይነሳ ጀመር። ትናንት ታኮ ይዞ ከኋላ ሲሮጥ የነበረው ረዳት መሪ ያዘ። ዕቃ አቀባይ የነበረው ልጅ ቆይቶ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ቡናውን ከጅማ፣ ጨውን ከአሰብ፣ እህሉን ከአርሲ የሚያመላልሰው መኪና የመትረየስ አጀብ አላስፈለገውም።

የዚህ ትምህርት ቤት መዝገብ በአፋችን ላይ ነው። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ጋቢና፣ ላሜራ፣ ሰልባቲዮ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ የምንጭንበት ፖርቶ መጋላ «ፖርታባጋሊ» ከሚለው ወጥቶ እንደምንም አማርኛ ሆኗል። ፍሬቻ በኢጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። ረዳቱ የሚይዘው ታኮ እንኳ የጫማ ተረከዝ የሚል ቃል ነው። እነዚህን ቃላት ማንም በመማሪያ መጽሐፍ ጽፎ አላስተማረንም። በዘይት የተነከረ እጅ ለሌላ በዘይት ለተነከረ እጅ ያቀበላቸው ናቸው። በግድ የመጣ ቋንቋ ሰው ወዶ ሲነጋገርበት ባለቤቱ ይለወጣል፤ ዛሬ ጎሚስታ ቤት ገብቶ ሮማን የሚያስታውስ የለም።

መንገዱም እንዲሁ ጠባቂ ባያገኝ ኖሮ አይኖርም ነበር። አስፋልት ዘላለማዊ አይደለም። ጣልያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት መንገዱ በጎርፍ እየተበላ፣ ድልድዩ እየፈረሰ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ ከወሰደቻቸው የመጀመሪያ ብድሮች መካከል አንዱ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የተጠየቀውም ለመንገድ ጥገና ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራውን ተረከበ። ያ ብድር ከነወለዱ የተከፈለው በዚህ አገር ሕዝብ ግብር ነው። ዛሬ በጣርማ በር የሚያልፈው ሰው የሚሄደው ደጋግሞ በተጠገነ፣ ደጋግሞ በተከፈለበት መንገድ ላይ ነው።

ሁለት ፊደል

ወደ ተነሳንበት አባባል እንመለስና ቃሉን እንመርምረው። «ጣልያን መንገድ ሠራ» ማለት ታሪክ ነው፤ አይካድም። ችግሩ ያለው ከመጨረሻ በምንቀጥላቸው ሁለት ፊደሎች ላይ ነው። አማርኛችን በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ሰው ለጥቅማችን ቤት ሲሠራ «ሠራልን» እንላለን፤ ብርሃናችንን ጋርዶ፣ ደጃችንን ዘግቶ ሲሠራ ደግሞ «ሠራብን» እንላለን። ግድግዳው ያው ነው፤ ድንጋዩም ያው ነው። ለማን እንደተሠራ የሚነግሩን እነዚያ ፊደላት ናቸው።

የትሬንታ ኳትሮን ቁጥሮች ያነበበ ሰው በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. የትኛው ቃል ትክክል እንደነበረ አይጠፋውም። 12 ቶን ተኩል የጦር ጭነት፣ ከወደብ ወደ ምሽግ፣ በአጀብ እንዲያልፍ የተዘረጋ መንገድ ተሠራብን ይባላል። በኋላ ያንኑ መንገድ «ልን» ያደረጉት ሌሎች ናቸው፤ ታኮ ይዞ የሮጠው ረዳት፣ ያለ መጽሐፍ ሞተር የፈታው መካኒክ፣ በክረምት የፈረሰውን የሞላ የቀን ሠራተኛ፣ ብድሩን የከፈለ ግብር ከፋይ። ምስጋና ካለ አድራሻው እነሱ ዘንድ ነው።